ስምንት ሰዓት ላይ የሚያንቀላፋው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የጠፋብኝ እትዬ ስለ እናታችን ጫማ ሲነግሩኝ ነው።

እናታችን ጫማ እንደነበራት እንኳ አላውቅም ነበር። የሞተችው እኔ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ መልኳ በዓይኔ የለም። እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጡኛል፤ እናቴን የማውቃት በእሳቸው አፍ ነው። ያን ቀን በስልክ፣ «አንድ ቡኒ ሸራ ጫማ ነበራት፤ ለገበያ ቀን ብቻ ነበር የምታወጣው። ታዲያ አንድ ቀን ወንዝ ስትሻገር…» ብለው ጀመሩ። እኔ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሰክቼ በሁለት ጣት እጽፋለሁ። ወንዙ መሃል ስንደርስ ስክሪኑ ጭልም አለ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ሳጥን ጢጥ አለና እንደገና ከሀ ጀመረ። የፋብሪካው ምልክት መጣ፣ ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ሲነሳ የጻፍኩት ሁሉ የለም።

«እትዬ ቆዩ፣ ቆዩኝ! ጠፋብኝ። ጫማው ምን ሆነ?»

«የቱ ጫማ?» አሉ።

«የእናታችን! ወንዙ ላይ!»

«እኔ እንጃ እቴ። ጫማ ነበራት እንዴ?»

ጭንቀቴ ይኸው ነበር። እትዬ ትዝታቸው እየሳሳ ነው። ትናንት የነገሩኝን ዛሬ አይደግሙትም። ነገሩ እንደ ዓሣ አንዴ ብቅ ይላል፤ ከያዝኩት ያዝኩት፣ ካመለጠኝ አመለጠኝ። እዚህ አሜሪካ፣ አትላንታ ዙሪያ፣ እሳቸው ብሩክሄቨን ከልጃቸው ጋር፣ እኔ ሊልበርን ከልጄ ጋር ነው የምንኖረው። አእምሯቸው ጥርት የሚለው ከምሳ በኋላ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሲመሽ ግራ ይገባቸዋል፣ የሞቱ ሰዎችን «ለምን አልመጡም?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለዚህ በየቀኑ በስምንት ሰዓት እደውላለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ለምን በስልኩ አትቀጃቸውም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሞክሬ ነበር። ሲያውቁብኝ፣ «ምን አድርጌ ነው ቃሌን የምትቀበይኝ? ፖሊስ ሆንሽ?» ብለው ያን ቀን ሙሉ ዝም አሉ። በእጅ እንዳልጽፍ ጣቶቼ ቋጥረው ከአንድ መስመር በላይ እርሳስ አይጨብጡልኝም። ቁልፍ መጫን ግን እችላለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በቀበሌው የማታ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። እኔ «ለ፣ ሉ» ስል እሷ ከጀርባዬ ሆና የነጠላዬን ጫፍ ትጠባ ነበር። ያቺ የታዘለች ልጅ ዛሬ ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ የልጅ ልጆቼም ኮሌጅ ገብተው ቤቱን ለሁለታችን ለቀውልናል። ኮምፒውተሩ እሷ ነርሲንግ ስትማር የገዛችው ነው። ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው፣ ለብቻው ስክሪን ያለው፤ እሷ ትታው እኔ ወረስኩት። በየቁልፉ ላይ የአማርኛ ፊደል ለጠፈችልኝ። የፊደሎቹን ቦታ ለመልመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ስለ ጫማው ስነግራት ልጄ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ጣይው በቃ። ታብሌት እገዛልሻለሁ» አለችኝ።

«ታብሌቱ ላይ ጣቴ ይንሸራተታል። አንዱን ስነካ ሦስት ይወጣል።»

«ትለምጂዋለሽ።»

«እኔ እስክለምደው እትዬ ይጠብቁኛል?»

ቦርሳዋን አወረደች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሆስፒታል ፊቷን አመጣች። «ኦኬ። እንግዲያው እንደ በሽተኛ እንከታተለው። ሪስታርት ባደረገ፣ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊልኝ። ቻርት እንሠራለታለን። ፓተርን ካለው እናገኘዋለን።»

«ፓተርን ምንድነው?»

«ልማድ በይው። ሁሌ የሚያደርገው ነገር።»

እኔ ደግሞ ነገር ማየት እወዳለሁ። ልጅ ሳለሁ ጉንዳን ወዴት እንደሚሄድ ሳይ ውዬ ስንት ጊዜ ተገርፌያለሁ! ደብተር ተሰጠኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰኞ 8:40። ማክሰኞ 9:10። ረቡዕ 8:25፣ ደግሞ 9:30። ሰዓቱ ብቻ አልበቃኝም፤ ማሽኑ ምን እንደሚያስደነግጠው ማን ያውቃል ብዬ በዚያን ሰዓት የሆነውንም ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። «የፖስታ መኪና አለፈ።» «ፍሪጁ አጉረመረመ።» «ሽኮኮዋ መስኮቱ ላይ መጣች፣ አየችኝ።» «አስነጠሰኝ።» አንድ ቀን ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አስነጥሼበታለሁ፤ ምንም አልሆነም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ደብተሩን አንብባ ጠረጴዛውን መታች።

«ተገኘ! እማዬ፣ ጂኒየስ ነሽ! ሁሉም ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከናይት ሺፍት የምገባበት ሰዓት! ማጠቢያውን እከፍታለሁ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ ፀጉር ማድረቂያ አለ… መብራቱን እየተሻማነው ነው።»

በማግስቱ ባትሪ ያለው ከባድ ሳጥን ገዝታ መጣች። መብራት ለአፍታ ቢደክም ወይም ቢጠፋ እንኳ ይህ ይዞት ይቆያል አለችኝ። ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው፣ ኮምፒውተሩን ሰካችበት። እኔ ነገሩ ትንሽ አልገባኝም ነበር፤ ማጠቢያው ሲዞር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አይቼ አላውቅም። ግን የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ለምጃለሁ። ይህ ጥሩ ልማድ አይደለም።

በማግስቱ ስምንት ተኩል ላይ፣ እትዬ ስለ እናታችን ድምፅ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ፣ ጭልም።

ልጄ አላመነችም። «አይሆንም! ዛሬ ጠዋት ማጠቢያውን አልነካሁም። ማይክሮዌቭም አልነካሁም። ደረቅ ዳቦ ነው የበላሁት!»

«ጠዋት ማን አለሽ?»

«ስምንት ተኩል ብለሽ ጽፈሻል!»

«አዎ፣ ስምንት ተኩል። ምሳ በልቼ፣ ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እማዬ! በአበሻ ሰዓት ነው እንዴ የጻፍሽው? ሠላሳ ምናምን ዓመት አሜሪካ ኖረሽ?»

«እና? ፀሐይዋ ስትሻገር ሰዓቷን ለወጠች?»

ሶፋው ላይ ወድቃ ሳቀች። እኔም ስታስቀኝ ሳቅኩ። «በዚህ ቻርት ሆስፒታል ብሠራ ኖሮ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «በሽተኛውን የምሳ መድኃኒቱን ቁርስ ላይ አስውጠው ነበር።»

ልጄ ስትስቅ እኔ የራሴን ነገር አሰብኩ። የእኔ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጠረው። ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ የት ናት? በማግስቱ ምሳዬን በልቼ ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከጥዶቹ በላይ አልፋ በምዕራቡ መስኮት ገባች። መጀመሪያ ምንጣፉ ላይ ነበረች። በየሩብ ሰዓቱ ጫፏ በደረሰበት ላይ አንድ አንድ የልብስ መቆንጠጫ አስቀመጥኩ። መቆንጠጫዎቹ እንደ ቅፍለት ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል የጠረጴዛውን እግር ያዘች፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ ወጣች።

መጋረጃውን ዘጋሁ። ያን ቀን የጠፋው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ደብተሩን እንደገና አገላበጥኩ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለምንውል ኮምፒውተሩን አልከፍተውም። ቅዳሜ ግን እከፍተዋለሁ፣ ከእትዬም ጋር አወራለሁ፤ ታዲያ በሦስቱም ቅዳሜ «የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ይሄ ዕቃ ሰንበትን ያከብራል እንዴ? ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ቅዳሜ ምንድነው የማደርገው? ልብስ አጥባለሁ። ምን አጥባለሁ? አንሶላ፣ ነጠላ፣ ዳንቴል…

ብድግ አልኩ።

በእኛ ልማድ ውድ ዕቃ እርቃኑን አይቀመጥም። ራዲዮ ብትገዛ ዳንቴል ታለብሰዋለህ፤ ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጅ ሲመጣ ፍሪጁን። አንድ ጎረቤታችን ለስልኳ ከነእጀታው የሚሆን ሠርታለት ነበር፤ በተደወለ ቁጥር እስክትፈታው ድረስ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። አሜሪካ መጥቼ የሰው ቤት ስገባ ዕቃው ሁሉ ራቁቱን ሳየው ባለቤት የሌለው ይመስለኝ ነበር። ኮምፒውተሩ የእኔ ሲሆን እትዬ ነጭ ዳንቴል ሠሩለት፤ ዙሪያውን የወይን ፍሬ ያለው፣ እጃቸው መርሳት ሳይጀምር የሠሩት የመጨረሻው ነው። ዳንቴልማ ቀዳዳ አለው፣ ያስተነፍሳል። እኔ ግን ወይኑ እንዲደምቅ ብዬ ሰማያዊ ሳቲን ገበር ሰፋሁለት። እንዳይንሸራተትም ከኋላ እስከ ታች ድረስ አስረዘምኩት።

እጄን ከገበሩ ሥር ከተትኩ። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ብብት ይመስላል።

ገፈፍኩት። ልጄ ስትመጣ ነገርኳት፤ መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ አቆመች። «እማዬ፣ ይህ ኮምፒውተር እኮ በአትላንታ የሐምሌ ሙቀት ጋቢ ለብሶ ነበር።» የጎኑን ክዳን ከፈተችው። ውስጡን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ትንሽ ማራገቢያ አለ፣ አቧራው እንደ በግ ፀጉር ተጋግሮበታል። አጥፍታ፣ ከመብራት ነቅላ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገችው። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩላት፤ ይህ ምንድነው፣ ያኛውስ እያልኩ አደከምኳት።

አራት ቀን ደህና ሆነ። እትዬ የእናታችንን ድምፅ ነገሩኝ፤ ስታንጎራጉር አፍንጫዋን ትይዝ እንደነበር። ጻፍኩት። በአምስተኛው ቀን፣ የምን እንደሆነ እንኳ አላስታውሰውም፣ ጠፋ።

ልጄ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ደግፋ ቆየች። «ማራገቢያው ይዞራል፣ ግን ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ያው ነው። ሲሞቅ መፍጠን ነበረበት። ትኩሳቱን አይሰማም።» አሮጌ ኮምፒውተር የሚወዱ ሰዎች የሚያወሩበት ገጽ አገኘች። እንደዚያ ያለ ማኅበር መኖሩ ደስ አለኝ። የእኛን ዓይነት ሳጥን ያለው አንድ ሰው በዚሁ ችግር አማርሮ ጽፏል፤ ሌላው «ፈርምዌሩን አድሰው፣ አዲሱ ማራገቢያውን ያስተካክላል» ብሎ መልሶለታል።

«ፈርምዌር ምንድነው?»

አሰበች። «ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይመጣ በፊት የሚያነበው ትእዛዝ ነው። ማራገቢያ አለህ፣ ይህን ያህል ስትሞቅ ይህን ያህል አዙር፣ የሚለው።»

ይህን ነገር ሳስበው ዋልኩ። እኔም ከእንቅልፌ ስነቃ ዓይኔን ሳልገልጥ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ እናቴ ትሆናለች። ለካ ዕቃውም የራሱ አለው። የእሱ ግን አንድ ቃል ጎድሎበት ኖሯል።

ፋይሉን ማግኘት የጠፋ ዘመድ እንደ መፈለግ ነበር። የፋብሪካውን ገጽ ብንጠይቅ ይህ ዕቃ አርጅቷል ይላል፤ ሌላ ቦታ ይልከናል፤ እዚያ ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ልጄ ሦስት የዕረፍት ቀን ፈጀችበት። በመጨረሻ ከዚያው ከፋብሪካው፣ የድሮ ነገር ከሚያከማቹበት ጥግ አገኘችው። ልታወርደው ስትል፣ «ቆይ፣ የእኛው መሆኑን ልይ» አልኳት። ከሳጥኑ ኋላ የተለጠፈውን ቁጥር በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ፊደል በትልቅነቱ የለመደ ሰው እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚያየው። «የእኛ የመጨረሻው ፊደል ሁለት ሆድ አለው። ያንቺው አንድ ሆድ ነው።»

ተጠግታ አየች። «ኦ ማይ ጋድ። ሌላ ሞዴል ነው። ይህን ብንጭንበት ይሞት ነበር።» ከሥሩ የእኛ ነበረ፣ ሁለት ሆድ ያለው።

ከዚያ ግን እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲጫን መሃል ላይ ሪስታርት ካደረገ፣ በቃ። ተመልሶ አይነሳም። እንተወው ይሆን? በአምስት ቀን አንዴ ቢጠፋ ምን አለበት?»

አምስት ቀን። በእነዚያ ባለፉት አምስት ቀናት ውስጥ እትዬ አንድ ጊዜ ስደውል፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለውኛል። ስሜን ብነግራቸውም አላስታወሱኝም፤ «እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ። የሚቀጥለው የሚጠፋው ወሬ የቱ እንደሚሆን ማን ያውቃል? ደግሞ ማሽኑ ከሞተብኝ ሁለት ክረምት ከየት አመጣለሁ? ሁለቱንም አየሁ። ሳጥኑን ቀስ ብዬ ዳሰስኩት።

«አሁን ጠዋት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ አድርጊው» አልኩ።

የጻፍኩትን በሙሉ በትንሽ ፍላሽ ገልብጣ በእጄ ሰጠችኝ፤ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። መጋረጃው ተዘጋ። ቤቱ ውስጥ ማንም ምንም እንዳይከፍት አዘዝኩ፤ ከእኛ በቀር ግን ማንም አልነበረም። ጀመረችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሄዳለች። ግማሽ ላይ ስትደርስ የኩሽናው መብራት ብልጭ አለ፣ ፍሪጁ ዝም አለ፣ ተመልሶ አጉረመረመ። ከጠረጴዛው ሥር ያ በእኔ ሰዓት የተነሳ በስህተት የተገዛው የባትሪ ሳጥን አንድ ጊዜ ጮኸ። መስመሯ ግን አልቆመችም።

ልጄ እጄን ይዛ ነበር፤ ኋላ ነው ያወቅሁት፣ ጥፍሯ ታትሞብኝ ሳይ።

ሲነሳ ማራገቢያው እንደ ፕሪመስ ምድጃ ጮኸ፣ ከዚያ ረጋ አለ። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ራሱ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ሲበርድ ዝቅ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ሲተነፍስ አዳመጥኩት። ደብተሬ ላይ «የለም» እያልኩ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። ልጄም አንድ ላይ ሲጫኗቸው የተጻፈውን ወዲያው የሚያስቀምጡ ሁለት ቁልፎች አስተማረችኝ።

ሦስተኛው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጃቸው እትዬን አመጣቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እንደገቡ ቀጥታ ሳጥኑ ጋ ሄዱ። ሌላውን ሁሉ ሲረሱ የእጅ ሥራቸውን አይረሱም።

«የኔ ዳንቴል የት ሄደ? ምነው እርቃኑን አስቀመጥሽው?»

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። «እትዬ፣ አይቆጡኝ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ነኝ ገበር ሰፍቼ ያፈንኩት። እየሞቀው ያንቀላፋ ነበር።»

እጃቸውን ከኋላው አደረጉ። ነፋሱ ጣታቸውን ሲነካው ቆዩ።

«አንቺንም እንዲሁ አድርገውሽ ነበር» አሉ።

«ማን እትዬ?»

«ሴቶቹ ናቸዋ። ክርስትና የተነሳሽ ዕለት። ብርድ ይመታታል ብለው በቡሉኮ፣ በጋቢ ጠቅልለው ጠቅልለው… አንቺ ዝም አልሽ። ተኛች አሉ። እናታችን ግን መጣች፣ ከእጃቸው ነጠቀችሽ። ልብሱን ሁሉ በፊታቸው ገፍፋ ራቁትሽን ደጅ ይዛሽ ወጣች። እፍ፣ እፍ ትልብሽ ነበር፣ እዚህ ላይ» ብለው ግንባሬን በጣታቸው ነኩኝ። «ሴቶቹ ጮኹባት። እስክታለቅሺ አልተመለሰችም።»

ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እሁድ አልከፍትም ያልኩትን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር፤ መጋረጃውን ለመዝጋት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፣ ፀሐይዋ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች። በሁለት ጣት እጽፋለሁ፦ ቡሉኮው፣ ጋቢው፣ ደጁ፣ እፍ እፍ ማለቷ። ማራገቢያው ድምፁን ከፍ እያደረገ መጣ። ልጄና የእትዬ ልጅ ከኋላችን ቆመው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ማሽኑ ግን ቀጠለ።

እትዬ መስኮቱን እያዩ፣ «ዳንቴሉን እዚያ ስቀይው፣ ፀሐዩን ይያዝልሽ» አሉ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ «አንዱን ብቻ ነው ወንዝ የወሰደባት። አንዱን በእጇ ይዛ ገበያ ገባች» አሉ።

ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ቆሙ። «ጫማውን ነው እትዬ? የየትኛውን እግር ነው የወሰደባት?»

«የቱ ጫማ?» አሉ።

ልጄ ያስተማረችኝን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ።